ሰም የሚተው ስውር፦ ለልብወለድና ለሮል ፕሌይንግ ጌም የመሰወር አስማት እንዴት ይሠራል

ባለፈው ክረምት ባህር ዳር ጓደኛዬ ቤት ሮል ፕሌይንግ ጌም (ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባህሪ ይዞ በወሬና በዳይስ ታሪክ የሚጫወትበት) ስንጫወት ጌም ማስተሩ፣ ማለትም ታሪኩን የሚመራው፣ እኔ ነበርኩ፣ አምስት ተጫዋች ነበረኝና ለአንዱ የመሰወሪያ ቀለበት ሰጠሁት፣ ገደብ የለው ዋጋ የለው ምንም የለው። በሁለተኛው ሳምንት ጨዋታው ሞተ። እሱ ብቻውን ይገባል፣ ቁልፉን ያነሳል፣ ሽፍታውን ከኋላ ይወጋል፣ ሌሎቹ አራቱ ቡናቸውን እየጠጡ ስልካቸውን ይነካካሉ። በጣም አዝኜ ነበር ምክንያቱም ለዛ ታሪክ ሁለት ወር ነው የለፋሁበት። ከዛ በኋላ ቁጭ ብዬ ሳስበው ችግሩ አስማቱ ኃይለኛ መሆኑ አይደለም፣ ችግሩ ከኋላው ምንም የማይተው መሆኑ ነው።

እኔ የምስራቅ ጎጃም ልጅ ነኝ፣ ዲማ ጊዮርጊስና መርጡለ ማርያም ያሉበት ሀገር፣ ቅኔ ቤት ባልገባም ቅኔ ሲነገር እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ቅኔ ላይ ወርቁ ይደበቃል ግን ሰሙ ፊት ለፊት ተቀምጧል፣ ሰሚው ሰሙን ይዞ ነው ወርቁ ጋር የሚደርሰው። ሰም የሌለው ወርቅ ቅኔ አይባልም፣ የተቀበረ ነገር ነው በቃ። የመሰወር አስማትም ለኔ እንደዛው ነው፣ ሰውየው ይሰወር፣ ግን ሰም ይተው። ከዚ በታች የምጽፈው በሙሉ ሰሙን እንዴት እንደምታዘጋጁ ነው።

እንዳይደናገር አንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን። የፈጠርኩት ገጸ ባህሪ ነው፣ ስሙ ይበልጣል፣ 17 ዓመቱ፣ ጮቄ ተራራ ስር ባለ አንድ ቅኔ ቤት የሚማር የቆሎ ተማሪ። ለምድ ለብሶ አኩፋዳ አንግቶ ዱላ ይዞ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ ቁራሽ ይለምናል። መሰወር ይችላል። እንዴት? እሱን ነው የምንሠራው።

1. ግሱን ምረጡ

አማርኛችን ሥራውን ግማሽ በግማሽ ጨርሶልናል። "ተሰወረ" ስትሉ ሰውየው ራሱ ነው የጠፋው። "ሰወረው" ስትሉ የደበቀው ሌላ ኃይል አለ። "ተሰወረብኝ" ስትሉ ደሞ የጠፋው ከኔ ነው፣ አጠገቤ የቆመው ሰው ሊያየው ይችላል። ያቺ "ብኝ" የምትባል ነገር ሙሉ የአስማት ሥርዓት ነች። ስለዚ ወረቀት አውጡና የመጀመሪያውን ጥያቄ ጻፉ፦ የሚሰወረው ከማን ነው?

እኔ ሦስት ዓይነት አድርጌ ነው የማያቸው። አንደኛው አካሉ ራሱ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ እንደ ጠራ ውሃ የሚሆን ሰው ነው። ሁለተኛው አካሉ ምንም ሳይሆን የተመልካቹ ዓይን የሚያዝበት ነው፤ 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 6 ላይ ኤልሳዕን ሊይዝ የመጣው የሶርያ ጦር ዓይኑ ተይዞ ራሱ ኤልሳዕ እየመራ ሰማርያ ድረስ ይዞት ይሄዳል አይደል፣ ነቢዩ እዛው ፊታቸው ነው ያለው፣ የተለወጠው የነሱ ዓይን ነው። ሦስተኛው ዓይን እያየው ልብ የማይለው ሰው ነው። "አልፎኝ ሄደ ልብ አላልኩትም" እንደምንለው።

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ ሁሉም ነገር ከዚህ ነው የሚወጣው። የመጀመሪያው ዓይነት ሰው ከመስታወትም ከካሜራም ይሰወራል፣ ዝናብ ሲመታው ግን ቅርጹ ይወጣል። ሁለተኛው ዓይነት የዓይን ቁጥር ይከብደዋል፣ የአንድ ዘበኛን ዓይን መያዝ ሌላ ነው የቅዳሜ ገበያን ሕዝብ ዓይን በሙሉ መያዝ ሌላ፣ ካሜራ ደሞ የሚያዝ ዓይን የለውም ስለዚ ፎቶ ላይ ቁጭ ብሎ ይገኛል። ሦስተኛውን የሚያፈርሰው እየጠበቀው ያለ ሰው ነው። መንደሩ በሙሉ ልብ ሳይለው ያልፋል፣ እናቱ ግን ልብ ትለዋለች። ለልብወለድ ከሦስቱ እኔ ይሄን ነው የምወደው። ለጨዋታ ግን የመጀመሪያው ይሻላል ምክንያቱም ጠረጴዛ ላይ ክርክር አያበዛም፣ ጭቃው ላይ ዱካ አለ ወይ? አለ፣ አለቀ።

ይበልጣልን የመጀመሪያው ዓይነት አደረግኩት።

2. ብርሃኑን አስቡበት (ትንሽ ፊዚክስ)

ይሄን መዝለል ትችላላችሁ ግን ባትዘሉት ጥሩ ነው ምክንያቱም ሀሳብ ይሰጣል። እንደ ብርጭቆ ያለ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር የሚታየን ብርሃን ከአየር ወደሱ ሲገባ ስለሚታጠፍና ከላዩ ላይ ስለሚንጸባረቅ ነው። የመታጠፉ መጠን በቁጥር ይለካል፣ አየር ወደ 1 ነው፣ ውሃ 1.33፣ ተራ ብርጭቆ 1.5 አካባቢ። ሁለት ነገሮች ቁጥራቸው እኩል ከሆነ በመካከላቸው ያለው መስመር ይጠፋል። ቤት ውስጥ ልትሞክሩት ትችላላችሁ፣ ፋርማሲ የሚሸጠው ግሊሰሪን 1.47 ነው፣ እሳት የሚችለው የፓይሬክስ ብርጭቆም 1.47 ነው፣ ብርጭቆውን ግሊሰሪኑ ውስጥ ስትነክሩት ዓይናችሁ እያየ ይጠፋል። እኔ ሳየው እንደ ልጅ ነው የጮህኩት።

ከዚ የሚወጣ አንድ ትልቅ ነገር አለ። ዓይናችን የሚያየው ብርሃኑን ከኋላ ያለው ሽፋን ውጦ ስለሚያስቀረው ነው። ሙሉ በሙሉ ብርሃን የሚያሳልፍ ሰው ዓይኑም ብርሃን ያሳልፋል ማለት ነው፣ ስለዚ ራሱ ዕውር ይሆናል። ሌላ የሚሰራበት መንገድ ብርሃኑን በአካል ዙሪያ አዙሮ ማሳለፍ ነው፣ በ2006 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በማይክሮዌቭ ጨረር ላይ ይሄን ሠርተው አሳይተዋል፣ ዕቃዋ ትንሽ ነበረች ጨረሩም በዓይን የሚታየው ዓይነት አይደለም፣ ግን እዛም ቢሆን ውስጥ ያለው ውጭውን አያይም ምክንያቱም ብርሃኑ አይደርሰውም።

"አስማት ነው ምን አገባው" ማለት ይቻላል፣ ልክ ነው። እኔ ግን የምላችሁ ዕውርነቱን እንደ ዋጋ ተጠቀሙበት ነው። ይበልጣል ሲሰወር ዓይኑ ይደነግዝበታል፣ ጥላና ብርሃን ብቻ ነው የሚለየው። ያ ዱላው በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ አገኘ ማለት ነው፣ ለውሻም ለመንገድም። እና ዱላው መሬት ሲነካ ይሰማል።

3. ምን ይቀራል? ሀገሩን ዙሩ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። አካሉን ካጠፋችሁ በኋላ የቀረውን ሁሉ በጆሮ፣ በአፍንጫ፣ በእግር፣ በመሬት አስቡት። እኔ የማደርገው ዝም ብሎ መዘርዘር አይደለም፣ ታሪኩ የሚሄድበትን መንገድ በሀሳቤ እሄድበታለሁ፣ እያንዳንዱ ቦታ ስውሩን በራሱ መንገድ ያጋልጠዋል።

ጮቄ ላይ ነው እንበል፣ ከ4000 ሜትር በላይ ነው፣ ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ሰው ሲተነፍስ ጭስ ይወጣዋል። ባዶ አየር ላይ ትንሽ ትንሽ ጭስ ብቅ ብቅ ሲል ታዩታላችሁ? እዚህ ጋ አንድ ህግ መወሰን አለባችሁ፣ ከአካሉ የወጣ ነገር መቼ ነው መታየት የሚጀምረው? ትንፋሽ ወዲያው? ምራቅ? ደም? የበላው እንጀራ ከየትኛው ጉርሻ ጀምሮ ነው የሚሰወረው? የኔ ህግ "ከቆዳው የተለየ ይታያል" ነው። አጭር ነው፣ ተጫዋች አይረሳውም።

ወደ ታች ውረዱ። ነሐሴ ላይ የጎጃም ጭቃ እግር ይይዛል፣ ዱካ ብቻ ሳይሆን እግር ሲነቀል የሚወጣው ድምጽ አለ። ጥቅምት ላይ ጤፉ ሲያሸት ማሳው ውስጥ የሚሄድ ሰው ባይታይም ጤፉ ይከፈልለታል፣ ነፋስ ሁሉንም በአንድ ነው የሚያስተኛው፣ ሰው ግን መስመር ያወጣል፣ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ይሄን ሳይነገረው ያውቀዋል። ጢስ ዓባይ ፏፏቴው ከ40 ሜትር በላይ ነው የሚወድቀው፣ ስሙ እንደሚለው ውሃው ጢስ ሆኖ ይነሳል፣ እዛ ጋ የቆመ ስውር ሰው ላይ ጠብታው ያርፍና በውሃ የተሠራ ሰው ሆኖ ይወጣል። ይሄን ትዕይንት አንድ ቀን እጽፈዋለሁ፣ ቀድሞኝ የሚጽፈው ካለም ደስ ይለኛል። ጣና ላይ ታንኳ የተቀመጠበት ልክ ውሃው ውስጥ ይሰምጣል፣ ክብደት አይሰወርም።

ከሁሉ በላይ ውሻ። የቆሎ ተማሪና የመንደር ውሻ ያላቸው ጠብ የታወቀ ነው፣ ተማሪው ዱላ የሚይዘው ለሱ ነው። ለምዱ የበግ ቆዳ ነው፣ በዝናብ ሲርስ ደሞ ሽታው እጥፍ ይሆናል። ስለዚ ይበልጣል ከሰው ሁሉ ተሰውሮ አንድ ግቢ ሲገባ ሰዎቹ የሚያዩት ውሻቸው ባዶ አየር ላይ ሲጮህ ነው። አንዳንዱ ሰይጣን አየ ይላል፣ አንዷ አሮጊት ግን ትሰማና "ይሄ የተማሪ ጩኸቱ ነው" ትላለች ምክንያቱም ውሻዋ ለጅብ ሌላ ለተማሪ ሌላ እንደሚጮህ ታውቃለች። ሰም ማለት ይሄ ነው።

መርማሪ ገጸ ባህሪ ካላችሁ ደሞ ከተረፈ ዳንኤል ተማሩ፣ ለጣዖቱ ለቤል የሚቀርበውን ምግብ ሌሊት በስውር እየገቡ የሚበሉትን ካህናት ዳንኤል ያጋለጠው ወለሉ ላይ አመድ ነስንሶ ነው፣ ጠዋት ሲታይ የወንድ የሴት የልጅ ዱካ ሞልቶበት። በየጎጆው ምድጃ አለ አመድ አለ። ስውርን ለመያዝ ጠንቋይ አያስፈልግም።

4. ኃይሉ ከየት መጣ፣ ምን ያስከፍላል

በኛ ሀገር የመሰወር ወሬ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው ዕፀ መሰውር ነው፣ የያዘው ሰው አይታይም የሚባልለት ዕፅ። ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ ግን ስሙን ጠርታችሁ ብቻ አትለፉ፣ ማን ይቆርጠዋል፣ ሲደርቅ ምን ይሆናል፣ ፍየል ብትበላውስ? (የተሰወረች ፍየል የሚፈልግ እረኛ በራሱ ጥሩ አጭር ልብወለድ ነው።) አንድ ነገር ግን ከልቤ እላለሁ። ስለ ስውራን አባቶች የሚነገረው የሰው እምነት ነው፣ ገዳማቶቻችን ውስጥ እስከዛሬ በክብር የሚወራ ነው፣ እሱን አምጥቶ "ደረጃ 3 ስውር መነኩሴ" ብሎ ለጨዋታ ማድረግ ለኔ ልክ አይመጣም። ሌላ ስም ሌላ ምንጭ ፍጠሩ፣ ቦታው ሰፊ ነው።

እኔ የመረጥኩት ክታብ ነው። ድሮ ደብተራ ለአንድ ሰው ክታብ ሲጽፍ ብራናውን በዛ ሰው ቁመት ልክ ነበር የሚያዘጋጀው፣ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቀው፣ ላዩ ላይ ትልልቅ ዓይን ያላቸው ጠልሰሞች ይሳላሉ። ይሄን ሳውቅ አስማቱ ራሱ ተሠራልኝ። የኔ ህግ እንዲህ ሆነ፦ ክታቡ የሚሰውረው በራሱ ቁመት ልክ ነው። ለይበልጣል ክታቡን የጻፉለት በ12 ዓመቱ ነው። አሁን 17 ነው። ክታቡ ከእግሩ ተነስቶ ግንባሩ ጋ ያልቃል፣ ከዛ በላይ ያለው ጸጉሩ አየር ላይ ይታያል። ካልጎበጠ በስተቀር።

አያችሁ እዚህ ጋ ምን እንደሆነ? ገደቡ "በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ" ቢሆን ኖሮ ቁጥር ነው፣ ማንም አያዝንለትም። ልጁ ባደገ ቁጥር መሸሸጊያው ሲያጥርበት ግን ታሪክ ነው። ሌሎች ዋጋዎችም አሰብኩ፣ ለምሳሌ ጥላው እንዳይሰወር ማድረግ፣ ወይ በተሰወረ ቁጥር አንድ የሚያውቀው ሰው ስሙን እንዲረሳው ማድረግ፣ ግን አንድ ዋጋ በደንብ ከሠራ ይበቃል፣ አትደርቱበት።

ጊዜውን በጧፍ ለካሁት። አንዲት ጧፍ ነዳ እስክታልቅ። ጧፍ ከሰም ነው የሚሠራው፣ ይሄ ሆነ ብዬ ነው።

5. ቁጥሩ (ለጨዋታ ብቻ፣ ልብወለድ ጸሐፊ ይዝለለው)

ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለው የታወቀ ሮል ፕሌይንግ ጌም 5ኛው እትም ላይ የመሰወር ድግምት 2ኛ ደረጃ ነው፣ ትኩረት ሳይቋረጥ እስከ 1 ሰዓት ይቆያል፣ የተሰወረው ሰው ሌላውን ሲመታ ወይ ሌላ ድግምት ሲደግም ይፈርሳል። ከሱ የሚበረታው የመሰወር ድግምት ደሞ 4ኛ ደረጃ ነው፣ እየተማታህም አይፈርስም ግን 1 ደቂቃ ብቻ። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር እዛም ጨዋታ ላይ የማይታይ ሰው በራሱ የተደበቀ አይደለም፣ ድምጹና ዱካው ይገኛል፣ ለመደበቅ ለብቻው ዳይስ ይጥላል። የኔ ቀለበት ጨዋታ የሞተው ይሄን ስላልተገበርኩ ነው ግማሹ።

አሁን የምንጫወትበት የራሴ ህግ ይሄ ነው፣ ሞክሩት። ስውሩ ሰው "ሰም" የሚባል ነጥብ አለው፣ ከ0 ይጀምራል። ቀስ ብሎ ከሄደ አይጨምርም፣ ከሮጠ 1፣ ከተናገረ 2፣ ከተማታ 3 ይጨምርበታል፣ ጭቃ አመድ ወይ ያሸተ ጤፍ ላይ ከሆነ ተጨማሪ 1። አንድ ዙር ሙሉ ካልተንቀሳቀሰ 1 ይቀንስለታል። ጠላት በየዙሩ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጥልና ሰሙን ይደምርበታል፣ 18 ከደረሰ ያለበትን ቦታ አወቀ። ሰሙ 0 ከሆነ ዕድሉ 15 በመቶ ነው፣ በእያንዳንዱ ሰም 5 በመቶ ይጨምራል። ውሻ ካለ ሁለት ዳይስ ጥሎ ትልቁን ይወስዳል፣ በ0 ሰም 28 በመቶ አካባቢ፣ በ3 ሰም ደሞ ከግማሽ ትንሽ ያልፋል። ቦታውን ማወቅ ማየት አይደለም፣ ሲመታው ሁለት ዳይስ ጥሎ ትንሹን ነው የሚወስደው።

ባለ 20 ገጽ ዳይስ ካላገኛችሁ ከ1 እስከ 20 ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ጠቅልላችሁ ኮፍያ ውስጥ አድርጉት፣ ባወጣችሁ ቁጥር መልሱት ብቻ። ለጊዜው ደሞ እውነተኛ ጧፍ ሳህን ላይ ለኩሱ። ጧፏ እያጠረች ስትሄድ ተጫዋቹ ፊቱ ላይ የሚታየውን ነገር የትኛውም የስልክ ቆጣሪ አያመጣውም። የተቀሩትን ተጫዋቾች ሥራ እንዳይፈቱ ሰም የመቀነስ ሥራ ስጧቸው፣ አንዱ ከዘበኛው ጋር ወሬ ይያዝ፣ አንዷ ውሻውን አጥንት ትጣልለት፣ አንዱ አውድማው ላይ ከብት ይልቀቅ። ስውሩ ብቻውን መግባት አይችልም፣ አምስቱም አንድ ላይ ነው የሚያስገቡት።

6. ሀገሩ ዝም አይልም

መሰወር የሚቻልበት ዓለም ከሆነ ሰዉ መላ ይፈጥራል። ደጃፍ ላይ አመድ መነስነስ ልማድ ይሆናል፣ ነጋዴ ጨርቁ ላይ ቃጭል ይሰፋል፣ ምስክር ፍርድ ቤት ላይ "አላየሁም" ሲል ዳኛው "ሰማህ ወይ? ሸተተህ ወይ?" ብሎ ይጨምራል። ከኛ ታሪክም የሚወሰድ ሞልቷል። አፈርሳታ ወይ አውጫጭኝ የሚባለው ነበር፣ ሌባው ካልታወቀ መንደርተኛው በሙሉ ተሰብስቦ ያወቀውን እስኪያወጣ የሚያዝበት። ሌባ ሻይም ነበረ፣ አንድ ልጅ የሚያሰክር ነገር ይጠጣና እየተንገዳገደ ይለቀቃል፣ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ተባለ ማለት ነው። ስንት ንጹህ ሰው ተጎድቶበታል። እስቲ አስቡት፣ ይበልጣል የሰረቀውን እህል ያልሰረቀ ገበሬ ሲቀጣበት፣ እሱ ደሞ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተሰውሮ ቆሞ እያየ። ይውጣ ወይስ ይቅር? ከግሪኮቹ የጂጀስ ቀለበት (ያደረገውን ሰው የሚሰውር ቀለበት) ተረት ጀምሮ የሚጠየቀው "የማይታይ ሰው ለምን ደግ ይሆናል" የሚል ነው፣ እኔ ግን ጥያቄው የሚያመው ሌላ ሰው ባንተ ፈንታ ሲታይ ነው ብዬ አምናለሁ።

7. ሲጻፍ

ከማን ዓይን እንደምትጽፉ ወስኑ። ከስውሩ ከጻፋችሁ አንባቢ አብሮት ይደበቃል፣ የሚመጣው ፍርሃት "እንዳልያዝ" ነው። ከሌላ ሰው ከጻፋችሁ "ተሰወረ" የሚለውን ቃል አትጻፉት፣ ጤፉ ሲከፈል ብቻ ጻፉ።

ሰሙን መጀመሪያ አስቀምጡ፣ ወርቁን መጨረሻ። ይበልጣል ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ጎብጦ ነው የሚሄደው። የኔታ "እንዲህ ነው ትሑት ተማሪ" እያሉ ያመሰግኑታል፣ ጓደኞቹ በጉብጠቱ ይስቁበታል፣ አንባቢም የልጁ ጠባይ ነው ብሎ ያልፋል። መቶ ገጽ ቆይቶ ክታቡ እንዳጠረበት ሲገለጥ ግን ያ ሁሉ ጉብጠት ምን እንደነበር ይበራል፣ ለመደበቅ ሲጎብጥ ኖሮ ሳይሰወርም መቅናት አቅቶታል። ስሙም መጀመሪያ ስም ነበር፣ አሁን ግስ ሆነ፣ ከክታቡ ይበልጣል። አንባቢው ወደ ኋላ ተመልሶ ገጾቹን ሲያገላብጥ "ነግሮኝ ነበር ኮ" ማለት አለበት። "ዋሸኝ" ካለ ሰሙ አንሷል።

ረቂቁ ሲያልቅ አንድ ሙከራ አለኝ፣ ሁሌ አደርገዋለሁ። የሚገለጥበትን ክፍል ቆርጬ አወጣና ቀሪውን ለሦስት ሰው አስነብባለሁ፣ ከዛ እያንዳንዳቸውን ለብቻ "በዚ ትዕይንት ላይ ልጁ የት ጋ ነው የቆመው?" እላቸዋለሁ። ማንም ካላወቀ አንድ ዱካ እጨምራለሁ፣ ሦስቱም ካወቁ አንድ እቀንሳለሁ። አንዷ ብቻ አስባ አስባ "ቆይ፣ ውሻው ለምን ጮኸ?" ካለች እዛው እተወዋለሁ።